የማይፈጨው ባቡር

ትዝታ የሽማግሌ ነው ይሉኛል። «ገና ሠላሳ ሳይሞላሽ ምን ኖረሽ ነው የምታወሪው?» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ቆሰበር መናኸሪያ ትኬት የምቆርጥ ሴት ነኝ፤ መናኸሪያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በአንድ ዓመት የሌላውን አምስት ዓመት ያረጃል፤ ይልቁንም መንገድ አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ በሆነበት በዚህ ጊዜ። ከንጋት ጀምሮ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መንገዱ ክፍት ነው?» እኔ በምን አውቃለሁ? ከዳንግላ በኩል መኪና ሲመጣ ካየሁ ክፍት ነው፤ ካላየሁ ዝግ ነው። ከዚህ ሌላ መረጃ የለኝም፤ ሰው ግን አውቄ የደበቅሁበት ይመስለዋል።

ባለፈው እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከመሬት ሳይነሳ፣ ተሳፋሪው በየሻንጣውና በየማዳበሪያው ላይ ተቀምጦ ወደ መንገዱ አፍጥጦ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ኔትወርክ ብልጭ ባለላት ቅጽበት ስልኳን ታያለች። አጎንብሼ አየሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ብር የመሰለ ባቡር በተራራ ሥር ይጠማዘዛል። ግንባሩ ሹል ነው፤ ጎኑ ላይ እንደ ቆርቆሮ የተሰነበረ መስመር አለ፤ አንደኛው ፉርጎ ጣሪያው መስታወት ነው። «አሜሪካን ነው» አለችኝ። «የድሮ ነው፤ አሁን ለጎብኚ ነው የሚነዱት።»

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

«አሜሪካን ነበርሽ እንዴ?»

«የለም። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለ ቀበሌ ነው ያደግሁት።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ባቡር ምክንያት በዓለም ላይ ከአባቴ ቀጥሎ የምወዳቸው ሰው ተለይተውኛል። ሞተው አይደለም፤ አሉ። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ግን ከአሥር ዓመት በላይ «አንቺ» ብለውኝ አያውቁም ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር፤ ይህን ያላወቀ ቀሪው አይገባውም። እኛ አገር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ናፍጣ የሚጠጣው፣ ቱክ ቱክ ሲል ከሁለት ጋራ ወዲያ የሚሰማው። «እማየ የት ሄደች?» ቢሉኝ «ባቡር ቤት» ነበር መልሴ፤ ማታ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆና ስትመለስ የሩቅ አገር መንገደኛ ናት ብሎ የሚያስብ የለም። በአማርኛም ባቡር ነው፤ በቋንቋችን በአውኚም ስናወራ ያው ባቡር ነው የምንለው። የኛ ቀበሌ ግን ባቡር አልነበረውም። የሚቀርበው አዲስ ቅዳም ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ወንዙ የሞላ ቀን ሴቶቹ እህሉን ተሸክመው ወጥተው እህሉን ተሸክመው ይመለሳሉ። ጎረቤታችን እትየ ስንዱ «እግዜር ቢወደኝ ኖሮ ወይ ጥርስ ይጨምርልኝ ወይ ባቡር ያስገባልኝ፤ ቆሎውንም ለመቆርጠም ጥርስ የለኝ» ይሉ ነበር።

የሚሄደውን ባቡር ያሳዩኝ መምህር አንለይ ናቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ከኛ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ላይ ይኖራሉ። ካኪ ኮታቸው ክርኑ ላይ በቆዳ የተለጠፈ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱ ቀይ። ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት፣ የፍርድ ቤት ጥሪ ሲደርሰው፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሲፈልግ ወደሳቸው ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ኮንጎ ጫማዬን ደጃፋቸው ላይ አውልቄ እገባለሁ፤ እንግሊዝኛ ያስጠኑኛል። በሬዲዮናቸው የሚዘፈነውን ድሮ ወጣት ሳሉ ሰምተውት ከሆነ እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው ዝም ያስብሉኛል፤ ካልሰሙት ይዘጉታል።

መማሪያችን መጽሐፍ አልነበረም፤ አንድ አሮጌ የአሜሪካን መጽሔት ነበር። እሳቸው ተማሪ ሳሉ ያስተምራቸው የነበረ አሜሪካዊ ሲሄድ የተወላቸው ነው። ትልቅ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ስዘረጋው ሁለቱንም ጭኖቼን ይሸፍናል። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር እነዚያ ባቡሮች ናቸው። «ስትሪምላይነር» ይላል እንግሊዝኛው። መምህር አንለይ «ነፋስ ሰንጣቂ» ብለው ተርጉመውት ነበር፤ ትርጉሙን በእርሳስ ዳሩ ላይ ጽፈውታል። ታሪኩን እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ዘመድ ወሬ ነበር የሚነግሩኝ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ችግር ላይ በነበሩበት ዘመን፣ ሰው ባቡሩን ትቶ በየመኪናው መሄድ ሲጀምር፣ የባቡር ኩባንያዎቹ ጨነቃቸው። ጥቁሩን የከሰል ባቡር ወደ ጎን አድርገው በናፍጣ የሚሄድ፣ በማይዝግ ብረት የተለበጠ፣ ግንባሩ እንደ ዓሣ የሾለ ባቡር አመጡ። ገና ሳይሳፈር ለማየት ብቻ ሰው በየጣቢያው ተሰለፈ። ውስጡ ምግብ ቤት አለ፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አበባ። መጨረሻው ፉርጎ ክብ መስኮት አለው፤ ተቀምጠህ የተውከውን አገር ወደኋላ ታያለህ። «ትርንጎ፣ አስቢው» ይሉኛል፣ «ሾርባው ሳይፈስ በሰዓት መቶ ማይል።»

እኔ አስበዋለሁ። ከቤታችን ለመሄድ ከኔ የበለጠ የሚቸኩል ሰው በቀበሌው አልነበረም። ቢሆንም ያየሁትን አልተውም። አንዱ ሥዕል ላይ ነጭ ኮት የለበሰ፣ መልኩ የኛን የመሰለ ሰው ሰሃን ይዞ ቆሟል። «ይኼ ሐበሻ ነው?» አልኳቸው። ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑን ነገሩኝ፤ በባቡሮቹ ላይ አልጋ የሚያነጥፉትና ሻንጣ የሚሸከሙት እነሱ እንደነበሩ፣ ተሳፋሪው ስማቸውን ሳይጠይቅ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸው እንደነበር። «ታዲያ ምኑ ያምራል ጋሼ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ብረቱ ያምራል» አሉኝ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «ብረቱ ብቻ።» በኋላ አውሮፕላን መጣ፣ ሰፊ አስፋልት መጣ፣ ሰዉ ተዋቸው፤ የተረፉትን መንግሥት ሰበሰባቸው፤ አንዳንዶቹ ቆመው ዛጉ፣ የማይዝጉትም ሙዚየም ገቡ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይወርዳል። በሕይወታቸው አንድም ባቡር በዓይናቸው አላዩም። «አንድ ቀን በኛ ደጅ ሲመጣ ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል መጽሔቱን ቤት ወስጄ እንዳጠና ሰጡኝ። በዚያው ሳምንት ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ አጥኚዎች መጡ። በሦስት እግር የቆመ መሣሪያ እያዩ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ። ሰው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ መብራት ሊገባ ነው አለ ገሚሱ። እኔ ግን ዕረፍት የለኝም፤ ለፈተናው ጥናት ከአዲስ ቅዳም ወደ ቤት መጥቼ ነበርና ችካሉን ተከትዬ ሄድኩ። በእትየ ስንዱ ጓሮ ይገባል። የአያ ፈንቴን የድንች ማሳ ለሁለት ይከፍላል። ከዚያ በቀጥታ አባየ ዲከረንስ የተከለበት ውስጥ ይገባል፤ ለከሰል የሚቆረጠው ዛፍ፣ አዲስ ቅዳም ስማር የቤት ኪራዬ የሚወጣበት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ለመብራት ምሰሶ ቢሆን ችካሉ በየመካከሉ ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ ይኼ አልተወም። በመጽሔቱ ላይ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አይቻለሁ።

በማግስቱ ገበሬ ማሠልጠኛው ግቢ ስብሰባ ተጠራ። አባየ ፈረሱን አጥሩ ላይ አስሮ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ደብተር ቦርሳዬን ይዤ ከሴቶቹ ጀርባ ቆምኩ። ከአዲስ አበባ የመጣው ኢንጂነር ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ አማርኛው ግን ይሮጣል። የኛ ሽማግሎች አማርኛ ይሰማሉ፤ የሚሮጠውን አይደርሱበትም። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው መምህር አንለይ ወደ አውኚ ሊተረጉሙ ተነሡ። ካኪ ኮታቸውን ቆልፈዋል።

«በጥናቱ መሠረት» አለ ኢንጂነሩ፣ «ባቡር በዚህ ቀበሌ ያልፋል።»

መምህር አንለይ ተረጎሙ፦ «ባቡር ወደ ቀበሌያችን ይመጣል።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ያልፋል ነው ያለው። ላስብበት ጊዜም አላገኘሁ፤ እትየ ስንዱ እልልታቸውን ለቀቁት፣ ሴቶቹ ተከተሉ። ኢንጂነሩ እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። መሬት እንደሚነካ ተናገረ። አያ ፈንቴ ብድግ አሉ፤ «ለባቡር ቤትማ ከኔ ይውሰዱ። ወንዙ ዳር ያለውን አንድ ቃዳ መሬት መርቄ ሰጥቻለሁ።» መምህር አንለይ ለኢንጂነሩ «መሬት ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው» አሉት። ጻፈ።

«መምህር፣ ይጠይቁልኝ» አሉ እትየ ስንዱ። «ጤፍ ብቻ ነው ወይስ በቆሎም ይቀበላል?»

«እህል ይጭናል ወይ ይላሉ።»

«እህል፣ ከብት፣ ማዳበሪያ፣ ሰው፤ ሁሉንም ይጭናል» አለ ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ።

«ሁሉንም ይቀበላል» አሉ መምህር አንለይ።

አያ ፈንቴ ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሰም አደረጉ። «ሰው ሲል ሰምቻለሁ። ሰውም ይፈጫል እንዴ?»

«አንተን ቢፈጭ ምን ሊያገኝ፤ ገለባው ይበዛል» አሉ እትየ ስንዱ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። መምህር አንለይ አልሳቁም። በሰው ራስ ላይ አሻግረው እኔን ፈለጉኝ፣ አገኙኝም። ዓይናቸው አልተቆጣኝም፤ ለመነኝ። አውቀው እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ነገር አንድ ወረቀት ቀርቶታል፤ እውነቱን ከተናገሩ ሊቀርባቸው ነው፤ ከሰዎቹም መካከል ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ፤ የአሻራ ቀለሙ ተከፈተ። ወረፋ ያዙ። አያ ፈንቴ አንደኛ፣ አባየ ሁለተኛ። ዝም ብል መምህሬ ባቡራቸውን ያያሉ፤ እኔም እሄድበት ይሆናል፤ አበባ ያለበት ጠረጴዛ ላይ እቀመጥ ይሆናል። ለአፍታ፣ አልዋሽም፣ ዝም ልል ነበር። አያ ፈንቴ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። የእትየ ስንዱን ጓሮ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ እግሬ ነው የሄደው። ሴቶቹን ገፍቼ ወጣሁ፤ መጽሔቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቃለ ጉባኤው ላይ ዘረጋሁት።

«ባቡሩ ይኼ ነው» አልኩ በአውኚ። «የሚፈጨው አይደለም። የሚሄደው ነው።»

«ትርንጎ» አሉ መምህር አንለይ በቀስታ፣ «ተቀመጪ።»

አያ ፈንቴ ቀለም የነካ ጣታቸውን አየር ላይ እንደያዙ አጎነበሱ። «ይኼማ ቤት ነው። መስኮት አለው።»

«ሰዎች ይበላሉ» አሉ እትየ ስንዱ። «እህሉ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«እህሉ አይፈጭም እትየ። ችካሉን አላዩትም? በጓሮዎ ነው የሚሄደው። በአያ ፈንቴ ድንች፣ በአባየ ዛፍ።»

አባየ ወደኔ አላየም፤ ወደ መምህር አንለይ አየ። «ልክ ናት?» አላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። የተነሣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኢንጂነሩ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። አባየ «እሺ፤ እዚህ ይቆማል ወይ በሏቸው» አለ። መምህር አንለይ መነጽራቸውን መጥረግ ቀጠሉ። እኔ በአማርኛ ጠየቅሁ።

ኢንጂነሩ አልዋሸም። «ጣቢያው እዚህ አይደለም። እዚህ ያልፋል ነው ያልኩት።»

«አይቆምም፤ ያልፋል» ብዬ ተረጎምኩ። አፌ ግን አላቆመም። «ለኛ አይደለም» አልኩ።

አያ ፈንቴ ጣታቸውን በሳር ጠረጉ። ሌላው ሁሉ አንድ በአንድ ከወረፋው ወጣ። ማንም አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። በመምህር አንለይ አጠገብ ሲያልፉ ሰላምታ የሰጣቸው የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ደብዳቤ የመጣለት ሰው የሳቸውን ጉብታ መውጣት ትቶ እኛ ቤት መምጣት ጀመረ። አርባ ዓመት ያነበቡለት ሰው ማለት ነው። የፍርድ ቤት ጥሪውን እኔ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ከሦስት ቃል አንዱ ሳይገባኝ አነብ ነበር።

ባቡሩ አልመጣም። በኛ ምክንያት አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለው ነገር በሦስት ገበሬ አሻራ አይቀርም። ችካሎቹን ልጆች ነቅለው የገና ጨዋታ ተጫወቱባቸው። የእህሉ ባቡርም ከዓመታት በኋላ ገብቷል፤ በመብራት የሚሠራ ነው፤ መብራት ሲኖር። እኔ ቆሰበር ወርጄ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ነጥብ አልመጣልኝም፤ መናኸሪያ ገባሁ። ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ትኬት እየቆረጥኩ ራሴ የትም አልሄድኩም።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን መጽሔቱን ልመልስ ወጣሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት እጄን ዘርግቼ አቀረብኩላቸው። ብድግ አሉ፤ ለኔ ተነሥተው አያውቁም። «እርስዎ ያስቀምጡት» አሉኝ። «ለእርስዎ ይጠቅማል።» ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንደምን አደሩ» ይሉኛል፤ ገበያ ላይ «ይለፉ» ብለው ይቆሙልኛል። ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር፤ መልስ አላጣም። አንቱታ ግን በምን ይመለሳል?

ነርሷ ቪዲዮውን ካሳየችኝ ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ ተከፈተ። መናኸሪያው ተጨናነቀ፤ አራት ቀን የተጠራቀመ ሰው በአንድ ጠዋት ሊሄድ ነው። በግርግሩ መሐል ካኪ ኮት አየሁ። መምህር አንለይ ናቸው፤ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ባሕር ዳር ቀጠሮ ነበራቸው፤ በመንገዱ ምክንያት ሁለት ጊዜ አልፏቸዋል፤ ይህ ካለፋቸው ሌላ አይሰጧቸውም። ሚኒባሱ ሞልቷል። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነሣሁት፤ ሲያጉረመርም «ነገ ትሄዳለህ፤ ዓይንህ ያያል» አልኩት። ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ሥራ አስፈታኋችሁ። ማን ልበል?»

«ትርንጎ ነኝ ጋሼ።»

እጃቸውን ከክንዴ አንሥተው ወደ ባርኔጣቸው ሰደዱ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጊዜ አልነበረኝም፤ ለዓመታት ያዘጋጀሁትን ትቼ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም። ስብሰባው ነገ ቢጠራ ያንኑ አደርጋለሁ። ግን አንቱ አይበሉኝ። አልችለውም።»

ወደ ፊት መስታወቱ ዞሩ። ረዳቱ «እትየ፣ በሩን ልዝጋ» አለ። «ትንሽ ቆይ» አልኩት።

«ያልፋል የሚለውን በትክክል ተርጉመሻል» አሉ መምህር አንለይ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገሩበት ድምፅ። «አንድ ስሕተት ግን አለብሽ። ሰውየው ለእናንተ አይደለም አላለም። እሱን ከራስሽ ነው የጨመርሽው።»

አሰብኩት። እውነት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሰውየው እንዳለው አድርጌ ነበር የማስታውሰው።

«አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም» አሉ። «እኔ ቀነስኩ፤ አንቺ ጨመርሽ።»

«ስለዚህ እኩል ነን ጋሼ?»

«አይደለንም» አሉኝ። «የኔ ይብሳል።»

ረዳቱ በሩን ዘጋው። ሚኒባሱ በሰዉ መሐል እየተጋፋ ወጣ። ያን ቀን መናኸሪያው እስኪዘጋ ድረስ አንድም ተሳፋሪ አልተቆጣሁም።